ስትወጣም፣ ስትቀመጥም

ኦፔራ ቤት ማስተዳደር ምን ዓይነት ሥራ ነው ብለው ለሚጠይቋት አስተዳዳሪዋ አንድ መልስ ነበራት። እምቢ የማለት ሥራ ነው ትላለች፤ ግን ዛሬ እምቢ ያልከው ሰው ነገ መጥቶ እንዲዘፍንልህ አድርገህ ነው እምቢ የምትለው። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ቤቱ የገባችው በታይፒስትነት ነው። ያኔ የአዳራሹ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር በወንበሮቹ መሃል ባልዲ ይደረደራል። ጠብታው ባልዲው ላይ ሲያርፍ ከሙዚቃው ጋር ይጣላል፤ ሙዚቃ መሪው ያብዳል። ልጅቱ አንድ ቀን ማንም ሳያዛት ከልብስ ስፌት ክፍሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምና በየባልዲው ግርጌ አነጠፈች። የጠብታው ድምፅ ጠፋ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ይህን ያደረገ ማነው ብሎ ጠየቀና በማግስቱ የልምምድ ድልደላውን ለእሷ ሰጣት።

ድልደላ ሲባል ቀላል ይመስላል። ማን ከማን ጋር አንድ ክፍል እንደማይቀመጥ፣ የማን ድምፅ ከቀትር በፊት እንደማይከፈት፣ የትኛው ክፍል ነፋስ እንደሚያስገባ፣ የትኛዋ ዘፋኝ ነፋስ ሲነካት ሐኪም እንደምታስጠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የተፋቱ ባልና ሚስት መድረክ ላይ የሚዋደዱ ሆነው ሲመደቡ መልበሻ ክፍላቸውን በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ያዘችው። ከድልደላ ወደ ውል፣ ከውል ወደ ምክትልነት፣ ከምክትልነት ወደ ትልቁ ወንበር ወጣች። ክንዷን ይዞ ያወጣት የለም።

ጣሪያው የተጠገነው በእሷ ዘመን ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ጠዋት ጠዋት ገብተው ልምምድ እንዲያዩ ያደረገችም እሷ ናት። አንድ ጊዜ የባህል መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ፣ ሕዝቡ ዳቦ ሲፈልግ እናንተ ትዘፍናላችሁ ብሎ አሾፈ። ዳቦ ጋጋሪውስ እሑድ ከሰዓት የት ይሂድ አለችው። ኃላፊው በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ የዳቦው ነገር አልተነሣም።

ዘፋኞቹ ከኋላዋ «እትዬ ደንብ» ይሏታል። ታውቃለች። ደንቦቿ ጥቂት ናቸው፤ አይታጠፉም። የመድረክ ልብስ ለብሶ የሚበላ የለም። መጋረጃ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን፣ እስከ ዕረፍት ድረስ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ዘመድ በዘመዱ ላይ አይፈርድም። ይህን የመጨረሻውን ያወጣችው ለራሷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ከኅብረት ዘፋኞቹ አንዱ ነበርና።

ወንድሟ ቤቱ የገባው በእሷ አይደለም። እሷ ገና ታይፕ ስትመታ ነው ተፈትኖ ያለፈው፤ ይህን የማይወዷትም ይመሰክራሉ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ አንደበቱ ቁጥብ ሰው ነው። ቁመቱ ሌላውን እንዳይጋርድ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ አቆሙት፤ እዚያው ቀረ። ባልደረቦቹ «ግንቡ» ይሉታል። ዜማው የጠፋበት ሁሉ ወደ እሱ ጠጋ ብሎ ጆሮውን ያውሰውና መንገዱን አግኝቶ ይመለሳል። የኅብረት ዘፋኝ ኑሮ ይኸው ነው። አርባ ሰው በአንድ አፍ ይዘፍናል፤ በደንብ ስትዘፍን የሚጨበጨበው ለአርባው ነው፤ ስትሳሳት ግን የሚሰማው የአንተ ብቻ ነው።

ለብቻ የሚዘፈን ቦታ ሲከፈት ግንቡም እንደ ሰው የድምፅ ፈተና ይገባል። ፈተናው የሚካሄደው ከፎቅ ላይ ባለው የልምምድ ክፍል ነው። ፒያኖ አለ፤ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ሙዚቃ መሪው፣ የመድረክ አዘጋጁ፣ የኅብረት ዘፋኞቹ አሠልጣኝና አስተዳዳሪዋ ይቀመጣሉ። የወንድሟ ተራ ሲደርስ አስተዳዳሪዋ ብዕሯን ትከድናለች፣ ትነሣለች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ትወጣለች። ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ትሄዳለች፤ እዚያ ድምፅ የማይደርስበት መስኮት አለ። ግቢው ውስጥ አናጢዎቹ ለመድረክ የሚሆን ዛፍና ቅጥር ቀለም ሲቀቡ እያየች ትቆማለች። ጠርተው ሲያስገቧት ውጤቱን አትጠይቅም። መጠየቅም አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ አንድ ነው። አልሆነም።

ታዝን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከሐዘኑ ሥር አንድ ዓይነት ዕረፍትም ነበረ። እናታቸው ልትሞት ስትል «ወንድምሽን አደራ። ሰው አፍ ደግሞ እንዳትገቢ» ብላት ነበር። ሁለቱ አደራዎች እርስ በርስ እንደሚጣሉ አሮጊቷ አላሰበችውም ይሆናል። ልጅቱ ሁለተኛውን ጠበቀች።

በኋላ ወንድሟ መፈተን ተወ። ለምን ተውክ አላለችውም፤ እሱም አልነገራትም። በበዓል ሲገናኙ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ስለ ዘፈን አያወሩም። ሁለቱም የሚኖሩበት ነገር እሱ ሆኖ ሳለ።

ዝም የማትለው ሚስቱ ናት። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር ስለምትውል የልቧን መናገር ለምዳለች። በሰላሙ ጊዜ አስተዳዳሪዋን «አንቺ» ትላታለች፤ ስትቀየም «እርስዎ» ትላታለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «አንቺ» ጠፍቶ ነበር። ባሌን ገደል የከተተችው እህቱ ናት ትላለች፤ ለጎረቤትም፣ ለራሱ ለባሏም፣ አንዳንዴም አፉን ከፍቶ ለተቀመጠ በሽተኛ።

የአስተዳዳሪዋ ጡረታ ሲቃረብ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ። ይህ ራሱ አስፈራት። ሰው ሊሸኝህ ሲል ነው ጥፋትህን የሚረሳልህ።

አንድ ከሰዓት አሮጊቷ ፒያኒስት ወደ ቢሮዋ መጣች። በፈተና ሁሉ ላይ ፒያኖ የምትመታው እሷ ናት። ከአስተዳዳሪዋም በፊት እዚያ ቤት የነበረች ናት፤ ጉልበቷ አርጅቶ ጣቷ ያላረጀ። ሻይ መጣላት። ስለሞቱት አወሩ፤ በሕይወት ያሉትን አሙ። ከዚያ አሮጊቷ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ምስጋና ጀመረች።

«ብዙ አስተዳዳሪ አይቻለሁ ልጄ» አለች። «እንዳንቺ ብልህ ግን አላየሁም። ሌላው ሌላው ይቅርና፣ የወንድምሽን ነገር የያዝሽበት መላ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።»

አስተዳዳሪዋ የቱን ነገር አለች።

«ይኸው በአፍሽ አይሆንም ብለሽ አታውቂም። ስሙ ሲጠራ ትነሻለሽ፤ ትወጫለሽ። ገባን። የገዛ እህቱ ልትሰማው ያልፈለገችውን እኛ ምን አግብቶን እንሰማዋለን? ልጁን አላሳፈርሽው፤ እኛንም አላስቸገርሽን።»

የወጣሁት እንዳልፈርድበት ነው አለች አስተዳዳሪዋ።

«እሱማ ለወጉ ነው» አለች አሮጊቷ፤ ሳቅ እያለች። «እንደዚያ ነው የሚባለው።»

አስተዳዳሪዋ ሻይዋን አስቀመጠች። ያኔ ሲዘፍን እንዴት ነበር ብላ ጠየቀች። አሮጊቷ አሰበች። ጣሪያውን አየች። ድምፁ ወፍራም ነበር አለች። ሌላስ? ሌላውን ማስታወስ አልቻለችም። አጋማሽ ሳይደርስ «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» ይሉታል። እሷም ብትሆን የኖታውን ሁለተኛ ገጽ ገልጣለት አታውቅም። ሰዉ ሁሉ ይቸኩል ነበር፤ አስተዳዳሪዋ ውጭ ቆማ እየጠበቀች ነዋ።

አሮጊቷ ጉንጯን ስማት ሄደች። ደስ አሰኝቻታለሁ ብላ ነው የሄደችው።

አስተዳዳሪዋ ብቻዋን ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሚዛኑ ላይ የወረደች መስሏት ነበር። ለካ እግሯ ብቻ ነው የወረደው፤ ክብደቷ እዚያው ቀርቷል። በሩን ቀስ አድርጋ በዘጋች ቁጥር ውስጥ ለነበሩት ፍርዱን ተናግራ ነበር የወጣችው። ከነዚያ ፈታኞች የሞተ አለ፣ አገር የለቀቀ አለ፣ እዚያው የቀረም አለ። የትኛውን ሄዳ ትወቅሳለች? ደግሞስ ምን ብላ ትወቅሳለች? አክብረዋት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ይግቡ፣ እርስዎን ያመጣ ምን ተገኘ አለች። ወንድሟ ከማዕድ ቤቱ የእጅ መታጠቢያ ሥር ተጋድሞ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ያጠብቅ ነበር። ተነሥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። አስተዳዳሪዋ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ አሮጊቷ ያለችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ይቅርታ አላለችም። ይቅርታው በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ነገሩን ይወቁት ብላ ነው።

ሚስቱ ክንዷን አጣጥፋ ሰማች። ዝምታ ለበግም አልበጃት የተባለው ለዚህ ነው አለች። ምላሰ ረጅም ተብዬ ነበር አለች። ቃሉ የአሸናፊ ነው፤ ፊቷ ግን የአሸናፊ አልነበረም። ባሏን ታይ ነበር።

ወንድሟ ጨርቁን አጠፈ፤ ፈታ፤ እንደገና አጠፈ።

«እኔ ሰምተው ነው ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጆሮ ያላቸው ሰዎች ሰምተው አይሆንም ካሉኝ አይሆንም ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እንቅልፌን ተኛሁ። ሚስቴ፣ የከለከለችህ እህትህ ናት ስትለኝ፣ ተይ ድምፄ ነው እላት ነበር። አሁን ማን ነው የሚነግረኝ?»

አስተዳዳሪዋ ለዚህ ነበር የመጣችው። በሚቀጥለው የትርኢት ዓመት የአንድ ሽማግሌ ንጉሥ ቦታ ተከፍቷል፤ ወፍራም ድምፅ ይፈልጋል፤ ፈተናው በዚህ ወር መጨረሻ ነው አለችው። ና ተፈተን። እኔ አልወጣም።

«ልትሰጪኝ ነው?»

«አይደለም። ልሰማህ ነው።»

ሚስቱ ከመሃል ገባች። ከሰሙስ በኋላ አለች። አስተዳዳሪዋ የሰማሁትን እናገራለሁ አለች። ክፉም ቢሆን? ክፉም ቢሆን።

ወንድሟ ድምፄ የድሮው አይደለም አለ። አውቃለሁ አለችው፤ ግን አታውቅም ነበር። ብቻውን ሲዘፍን የሰማችው ልጅ ሆኖ እናቱ ግቢ ልብስ ሲያሰጣ ነው። እሺም እምቢም ሳይላት ወደ ቱቦው ተመለሰ። በር ድረስ የሸኘቻት ሚስቱ ናት፤ ደኅና ይዋሉ አለቻት፤ በሩን ግን አላላተመችውም።

በፈተናው ዋዜማ ሚስቱ ቢሮ ደወለች። ይመጣል፤ ሸሚዝ እየተኮስኩለት ነው አለች። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ አለች፤ እንዳያለቅሱበት።

አስተዳዳሪዋ የገዛ ደንቧን ልትሽር እንደሆነ ለፈታኞቹ አልተናገረችም። እዚህ ላይ እንደገና ተሳሳተች። ሥራዬ ራሱ ይናገራል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ሥራው ምን ብሎ እንደተናገረ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

በዕለቱ ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት መጀመሪያ ዘፈነ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም፤ ድምፁ ግን አላፈረም። ቀጥሎ አንድ ጠና ያለ ሰው ዘፈነ፤ ከዘፈኑ ይልቅ ዘፈኑን ማስረዳት አበዛ። ከዚያ የወንድሟ ተራ ሆነ።

አሠልጣኙ እንደ ልማዱ ጉልበቱን ሰብስቦ መውጫ ለቀቀላት። ሙዚቃ መሪው በሩን አየ። አዘጋጁም በሩን አየ። አስተዳዳሪዋ ብዕሯን አልከደነችም። እንደተቀመጠች ቀረች። ከዚያ ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሲጠብቁት የነበረ መልእክት እንደደረሳቸው። አየቻቸው። ያን ጊዜ አልገባትም። ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር።

ግንቡ ገብቶ ፒያኖው አጠገብ ቆመ። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። እህቱን ወንበሯ ላይ አያት፤ ኖታውን ለአሮጊቷ ሰጣት። አሮጊቷ ጀመረች።

ዘፈኑ ልጆቹ ጥለውት የሄዱ ሽማግሌ ንጉሥ ባዶ አዳራሹ ውስጥ ለራሱ የሚዘፍነው ነው። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ መሃል ላይ ብዙ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ብሎ ይወጣና በአንድ ረጅም ትንፋሽ ይወርዳል። ወንድሟ ሲጀምር አልጮኸም። ድምፁን አላሳየም፤ ዝም ብሎ አስቀመጠው። መሃል ላይ ሲደርስ አስተዳዳሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። እንደዚያ ያለ ድምፅ በየማታው ከአርባ ሰው ጋር ሲቀላቀል ስትሰማ ኖራለች፤ የማን እንደሆነ ሳታውቅ። የኅብረት ዘፋኞቹ ጥሩ ናቸው ሲባል ከሚባለው ውስጥ ምን ያህሉ እሱ ነበር?

አሮጊቷ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።

ከፍ ወዳለው ሲወጣ ድምፁ ሳሳ። ከታች እየጎተተ ነው የደረሰበት። ደረሰ፤ ግን ደርሶ መቆም አልቻለም። ከዚያ ረጅሙ ሐረግ መጣ። አንድ ቃል ሲቀረው ትንፋሹ አለቀ፤ ትንፋሽ በማይወሰድበት ቦታ ወሰደና ጨረሰው። ግራ እጁ ቡጢ ሆነች። እሱም አውቆታል። ታች ሲወርድ እንደገና ሰፋ፤ እንደ መሠረት ሆኖ አረፈ።

ማንም አላቋረጠውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ዘፈን ሲጨርስ የመጀመሪያው ነበር።

ልማዱ ተፈታኙ ወጥቶ ደጅ እንዲጠብቅ ነው። ወንድሟ ሊወጣ ሲል ሙዚቃ መሪው ቆይ፣ የሚያስወጣ ነገር የለም አለ። ለእኔ ጥያቄ የለውም አለ። አዘጋጁ ቁመናው ራሱ ንጉሥ ነው፣ ዘውድ እንኳ አያስፈልገውም ብሎ ቀለደ። አሠልጣኙ ከእኛው ቤት ሰው ሲያድግ ደስ ይለኛል አለ። ሦስቱም ወደ አስተዳዳሪዋ ዞረው ፈገግ አሉ። ስጦታ ሰጥቶ ጥቅሉ ሲፈታ እንደሚያይ ሰው ዓይነት ፈገግታ ነው።

ያኔ ገባት። ስትወጣ አይሆንም አሉ፤ ስትቀመጥ ይሁን አሉ። ዛሬም ያዩት ወንበሩን ነው። ዛሬም የሰማው የለም።

ወንድሟ ፒያኖው አጠገብ ቆሟል። ሦስት ጊዜ ይሁን ሲባል ሰምቷል። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መታየት ጀምሯል፤ ገና ፈገግታ አልሆነም። ዝም ብትል ይበቃ ነበር። የሚከሳት የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እሷ እዚያ የለችም። የወንድሟ ሚስት አንቺ ትላታለች። የእናቷ የመጀመሪያው አደራ ይከፈላል። ዝም ማለት ደግሞ የለመደችው ነው።

ወደ ሙዚቃ መሪው ዞራ ረጅሙ ሐረግ ላይ ምን እንደሰማ ጠየቀችው። ሰውየው የትኛው አለ። አዘጋጁ ጫማውን አየ። አሠልጣኙ ግን ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። ለእሱ ነው የተናገረችው።

«ላይ ስትወጣ ድምፅህ ይሳሳል። ከታች እየጎተትክ ነው የምትደርስበት። ረጅሙ ላይ ትንፋሽህ ቃሉ ሳያልቅ አለቀ። እዚህ ክፍል ውስጥ ያልፋል። አዳራሹ ውስጥ፣ ሙዚቀኞቹ ሁሉ እየተጫወቱ፣ አያልፍም። ለዚህ ቦታ አይሆንም።»

ፒያኖው ላይ ያለችው አሮጊት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ወንድሟ ኖታውን ከፒያኖው ላይ አነሣ።

«ድሮስ?» አለ። «ድሮ ቢሆን ኖሮስ?»

ከሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ድሮ ይሆን ነበር ብትል ዕድሉን ሰረቀችው ማለት ነው። ያኔም አይሆንም ነበር ብትል የማታውቀውን መናገሯ ነው። ያረጀ ድምፅ በጉብዝናው ምን እንደነበረ አይናገርም።

«አላውቅም» አለችው። «አልነበርኩም።»

ሙዚቃ መሪው ፊቱ ቀልቶ፣ በዚሁ ትርኢት የመልእክተኛው ቦታም ክፍት ነው፣ አነስ ያለ ነው፣ ብሎ ጀመረ። ወንድሟ እጁን አነሣ። እግዜር ይስጥልኝ አለ። አሮጊቷን ዝቅ ብሎ አመሰገነ፤ ኖታውን ይዞ ወጣ። በሩን ራሱ ዘጋው።

አስተዳዳሪዋ ተከትላው አልሄደችም። የሚፈተኑ ሰዎች ቀርተው ነበር። እያንዳንዳቸውን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ማንም አጋማሽ ላይ እንዲቋረጥ አልፈቀደችም። ቦታው ከሌላ ከተማ ለመጣው ወጣት ተሰጠ። ሦስቱ ሰዎች ሲወጡ አላናገሯትም። ስጦታቸውን መልሳ ሰጥታቸዋለችና ተቀይመው ነበር። አሠልጣኙ ብቻ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ እትዬ፣ እኔ ሰምቼው ነበር አለ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አላለችውም። ራሷን ታውቃለች።

ወንድሟን ያገኘችው ከኦፔራ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። ወንበሩ ላይ ሰፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፣ መኪና ያልፋል። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ሄደ። አልተሳፈረም።

«ረጅሙ ላይ» አለ፣ «የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው ወይስ ከሁለተኛው በኋላ ነው አየሩን ያባከንኩት?»

«የመጀመሪያው ላይ። የመጀመሪያውን ቃል አከበድከው። እዚያ ላይ ግማሹን ጨረስክ።»

«እዚያ ላይ መክበድ የለበትም?»

«ንጉሡ እኮ ደክሞታል። ምን ያከብደዋል?»

ወንድሟ ይህን አሰበበት። ከንፈሩ ሳይከፈት ሐረጉን አንድ ጊዜ በአፍንጫው አለው። ልክ ነሽ አለ። ልብስ ከሚያሰጣበት ዘመን ወዲህ ስለ ዘፈን ሲያወሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለቱም ይህን ልብ ብለውታል፤ አንዳቸውም አላነሡትም።

ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት። ታችኛው ድምፄስ አለ። ታችኛው እንዳለ ነው፤ ምንም አልሆነም አለችው። እድሜ ታችኛውን አይጠላም።

«መሃሉስ?»

«መሃሉን የሚያክል ቤቱ ውስጥ የለም» አለች። «ዛሬ ከመጡትም የለም። ቦታውን ያገኘው ልጅም የለውም። አስተዳዳሪ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ቤቴ ውስጥ ነበረ፤ አላወቅሁም።»

«አታባብይኝ።»

«አይሆንም ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ።»

ይህን ሲሰማ ወደ እሷ ዞሮ ፊቷን መረመረ፤ እናቱ ገበያ ላይ የተሰጣትን ሳንቲም እንደምትመረምር። ከዚያ ሳቀ። አጭር ሳቅ ነው፤ ከሆዱ የመጣ። ሰፊው ትከሻው ዝቅ አለ።

«የመሃሉን ድገሚው» አለ።

ደገመችለት። ቃል አልጨመረችም፣ ቃል አልቀነሰችም።

ሌላ አውቶቡስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ወንድሟ ኖታውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገና ተነሣ። ሚስትህን ምን ትላታለህ ብላ ጠየቀችው። የሆነውን እነግራታለሁ አለ፤ መሃሉ እንደዚህ ተባለ፣ ለንጉሡ ግን አይሆንም ተባለ እላታለሁ።

«ገልብጠህ ንገራት» አለችው አስተዳዳሪዋ። «መጀመሪያ አይሆንም ማለቴን ንገራት። አለዚያ የመሃሉን አታምንህም።»